ከደጃፍ እስከ ላይቭ፦ በሽልማት የማደር ታሪክ በጎንደር

ዛሬ ጽሑፌ ትንሽ ይረዝማል፤ ቡና ቀርቦላችሁ ብታነቡት ይሻላል። የቀድሞ ተማሪዎቼ "ቲቸር ዛሬም የእረፍት ሰዓታችንን በላብን" እንደምትሉ አውቃለሁ። እዚህ ደወል የለም፣ ቻሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሰሞን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ እንቅልፌ ጠፋ። ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል። ስልኬን አንስቼ ቲክቶክ ሳገላብጥ አንድ የማውቀው ፊት ድቅን አለ። ከዓመታት በፊት ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው። ጋቢውን ደርቦ፣ ማሲንቆውን ታቅፎ፣ ላይቭ ገብቷል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያንጎራጉረው፤ አከራዮቹ እንዳይነቁበት። የተመልካቹ ቁጥር 43 ይላል። አንድ ሰው በገባ ቁጥር ዜማውን ሳያቋርጥ ስሙን እያነሳ ይቀበላል። አንዱ ጽጌረዳ ላከለት፤ ወዲያው በስሙ ሁለት ስንኝ ገጠመለት። ከዚያ በኋላ ዝም። ሃያ ደቂቃ ያህል የላከ ሰው የለም። ልጁ ግን አላቆመም።

እኔም "በርታ" ብዬ ጻፍኩ። ስሜን ሲያይ ደንግጦ ነው መሰለኝ ደጋኑ ተንሸራተተበት።

በማግስቱ ፒያሳ ተገናኘንና ማኪያቶ ጠጣን። የአባቱ ወገኖች አዝማሪዎች ናቸው። እሱ ተምሮ ዲግሪ ይዟል፤ ሥራ ሲጠፋ ነው ወደ ማሲንቆው የተመለሰው። "ለምን በዚያ ሰዓት?" አልኩት።

"ቲቸር፣ እዚህ ሌሊት አሥር ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ማታ ሦስት ሰዓት ነው። ሰው ከሥራ ገብቶ፣ እራቱን በልቶ፣ አገሩ ትዝ የሚለው ያኔ ነው። እዚህ ያለው ሰው ያዳምጣል እንጂ ጊፍት መላኪያ የለውም።"

ባለፈው ወር ስንት እንዳገኘ ጠየቅኩት። የቤት ኪራዩን ግማሽ አይሞላም አለኝ። ያውም ገንዘቡን ውጭ አገር ሆኖ የሚቀበልለት ሰው አለ፤ እሱ የራሱን ቆርጦ ሲያበቃ፣ ቀሪው በእጁ እስኪገባ ሁለት ወር ይፈጃል። ከዚያ ማኪያቶውን እያማሰለ ዋናውን ነገር ነገረኝ።

"አንድ ትልልቅ ጊፍት የሚልክ ሰውዬ አለ። ከሌላ ላይቭ የሚገባ አንድ ልጅ ጋ ተጣልቷል። 'እሱንም ዘሩንም በማሲንቆ ስደብልኝ፣ አንበሳ እልክልሃለሁ' አለኝ። አልሰደብኩም ቲቸር። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ግጥሙን በልቤ ጨርሼው ነበር። ልቀጥል ወይስ ልተወው?"

መልስ አልነበረኝም። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ መልስ ሲጠፋኝ የማውቀው አንድ መንገድ ነው፣ ወደ ኋላ መሄድ። ይህን የምጽፈው ለእሱ ብዬ ነው። ግን ብዙዎቻችሁ ላይቭ የምትገቡ፣ ወይም ልጃችሁ የሚገባባችሁ እንዳላችሁ ስለማውቅ ለሁላችሁም ይሁን።

መጀመሪያ ሰዓቱን እንየው። ሌሊት አሥር ሰዓት በጎንደር የማን ሰዓት እንደነበረ የምታስታውሱ አላችሁ? የላሊበላዎች ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ ጎህ ሳይቀድ ከደጃፋችን ባልና ሚስት ሆነው ያዜሙ ነበር፣ እሱ በወፍራሙ፣ እሷ በቀጭኑ። እናቴ ከአልጋዋ ሳትወርድ "እህል አውጡላቸው" ትል ነበር። ከሁሉ የሚገርመኝ የአባቴን ስም ማወቃቸው ነበር። እንዲያውም ሥራውንም ጨምረው ያሞግሱታል። ለካ ከጎረቤት አስቀድመው ይጠይቁ ኖሯል! የሰጠ ይመረቃል፤ የዘገየ በቀልድ ይነካካል። ካቆሙ ሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል ይባል ስለነበር ማዜሙ ከአባት ለልጅ የሚወርድ ግዴታ ነበር። ጃፓናዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ኢትሱሺ ካዋሴ እነዚህን ሰዎችና የጎንደርን አዝማሪ ልጆች ለዓመታት ተከታትሎ በፊልም አስቀርቷቸዋል።

እንግዲህ ተማሪዬን አስቡት። ያው ሰዓት፣ ያው በስም እየጠሩ ማሞገስ፣ ያው እስኪሰጥ መጠበቅ። ደጃፉ ብቻ ነው የተቀየረው። ያኔ በራችን ላይ ነበር፣ አሁን ቨርጂኒያ ሶፋ ላይ ነው።

ወደ አዝማሪው እንምጣ። አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. መናገሻ ካደረጓት በኋላ ከተማዋ ቤተ መንግሥት፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ ገበያና ብዙ መኳንንት ያሉባት ሆነች። መኳንንት ባሉበት ግብር አለ፤ ግብር ባለበት አዝማሪ አለ። ዛሬም ከጎንደር ብዙ የማትርቀው ቡርቧክስ የአዝማሪ መንደር ተብላ ትታወቃለች። እርስ በርስ የሚግባቡበት፣ ሌላው የማይሰማው የራሳቸው ቋንቋም አላቸው። ይህ ቋንቋ ዝም ብሎ አልመጣም። ጌታው ፊት ተቀምጠህ "ይሄ ሰውዬ አይሰጥም፣ ወደዚያኛው ዙር" ለመባባል ያስፈልጋል።

አዝማሪ ደሞዝ የለውም። ሽልማት ነው ያለው። ግንባሩ ላይ የሚለጠፍለት ብር፣ የሚጣልለት ኩታ፣ የሚሰፈርለት እህል። ሽልማት ደግሞ የሰጪው ፈቃድ ነው፤ አትከራከርበትም፣ ውል የለውም፣ ትናንት የሸለመህ ዛሬ ፊቱን ያዞርብሃል። በዚያ ላይ ወቅት አለው። ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት ሰርግ ነው፣ ጥጋብ ነው። ዓቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ማሲንቆው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

ሌላው ነገር "ተቀበል!" ነው። ጠጅ ቤት የገባችሁ ታውቁታላችሁ። አንዱ ሞቅ ያለው ይነሳና ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ግጥሙ ሙገሳ ሊሆን ይችላል፤ ማዶ ለተቀመጠው ሰው የተወረወረ ስድብም ሊሆን ይችላል። ኮሜንት ማለት እኮ ይኸው ነው። እና የአዝማሪው ጥበብ እዚያ ላይ ነበር፤ ስድቡን ተቀብሎ፣ በሰምና ወርቅ አለዝቦ፣ ሰጪውም ተሰዳቢውም ስቀው እንዲሸልሙት ማድረግ። ያልቻለበት አዝማሪ ከሁለቱ በአንዱ ይመታል።

ይህን ያልኩት ለማስፈራራት አይደለም። እዚሁ ደንቢያ የሆነ ነገር አለ። ዘመነ መሳፍንት ሊያበቃ ሲል፣ ኅዳር 1845 ዓ.ም.፣ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴና ያኔ ገና ደጃዝማች የነበሩት ካሳ ኃይሉ፣ ኋላ አፄ ቴዎድሮስ፣ ጉር አምባ ላይ ተዋጉ። ሲተረክ እንደኖረው ከውጊያው በፊት የደጃዝማች ጎሹ አዝማሪ ለጌታው ደስታ ካሳን በግጥም አዋረደ፤ እናታቸውን የኮሶ ሻጭ እያለ። በዚያ ሰፈር ሳቅ ሆነ፣ ሽልማትም ሳይኖር አልቀረም። ውጊያው ሲያልቅ ግን ጎሹ ሞቱ፣ አዝማሪው ተማረከ። ካሳ አስቀርበው እንዴት አድርገህ ሰደብከኝ ብለው ጠየቁት። ይህ ሰው በመጨረሻዋ ሰዓቱም ገጣሚ ነበርና በራሱ ላይ የሚፈርድ ስንኝ አወጣ። በዱላ ተደብድቦ ሞተ።

ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ ሳስተምር ሁልጊዜ ተማሪ የሚጠይቀኝ ስለ ካሳ ጭካኔ ነበር። አሁን ሳስበው ግን እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ስድቡ የማን ነበር? አዝማሪው ከካሳ ጋር ጠብ አልነበረውም። ጠቡ የጌታው ነበር። ከፋዩ ሌላ፣ ዕዳ ከፋዩ ሌላ። ልጄ፣ "አንበሳ እልክልሃለሁ" ያለህ ሰውዬ አሜሪካ ነው ያለው። አንተ ያለኸው ጎንደር ነው።

ወደፊት እንሂድ። ጣልያን ሲገባ አዝማሪው ዜና ነው፤ ከገበያ ገበያ ወሬ ይዞ የሚዞር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ግራዚያኒ ጠንቋዮችና ዘዋሪ ዘፋኞች እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ። የጣልያን ዘመን ሊያበቃ ነው እያሉ ሕዝብ ያነሳሳሉ ተብለው ነው። ጎንደር ከጣልያን እጅ የወጣችው ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው፤ በአገራችን ጣልያን እጁን የሰጠባት የመጨረሻዋ ትልቅ ምሽግ ነበረች። በእነዚያ ዓመታት ማሲንቆ ይዞ መንገድ መሄድ ራሱ ነፍስን መሸጥ ነበር።

ከነፃነት በኋላ አዲስ ነገር መጣ፣ ደሞዝ የሚባል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር፣ የባህል ሙዚቀኞችን ወደ መድረክ አመጡ። በደርግ ጊዜ ደግሞ በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ተቋቋመ፤ የኛው ፋሲለደስ ስሙ አገር ያዳረሰ ነበር። የገባው ገባ። ያልገባው፣ ማለትም አብዛኛው፣ ጠጅ ቤት ቀረ፤ በዚያ ላይ ሰዓት እላፊ ነበረና ማታ የሚሠራ ሰው ማታው ተወሰደበት። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሌሊቱ ሲከፈት የአዝማሪ ቤቶች በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ እዚህም እኛ ጋ ፈሉ። ያኔም ቢሆን ቤቱ የባለቤቱ ነው፤ አዝማሪው የሚያድረው በግንባሩ በሚለጠፈው ነው።

እንግዲህ ላይቭ የመጣው ይህን ሁሉ አልፎ ነው። አሠራሩን ለማታውቁት ላስረዳ። ተመልካቹ በእውነተኛ ገንዘብ "ኮይን" ይገዛል። በኮይኑ ስጦታ ይልካል። ትንሿ ጽጌረዳ አንድ ኮይን ናት፤ ዋጋዋ ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም ትንሽ ከፍ ይላል። አንበሳው 29,999 ኮይን ነው፤ ወደ 400 ዶላር ገደማ። ላይቭ የገባው ሰው ጋ ሲደርስ ኮይኑ "ዳይመንድ" ይሆናል፣ በመንገድም ግማሽ ያህሉ ይቀራል። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2022 በሶርያ መጠለያዎች ውስጥ በላይቭ ስለሚለምኑ ተፈናቃይ ቤተሰቦች ባወጣው ምርመራ ኩባንያው ከስጦታው እስከ 70 በመቶ ሲወስድ አግኝቻለሁ ብሏል፤ ኩባንያው በበኩሉ ድርሻዬ ከዚያ ያነሰ ነው ብሎ መልሷል። ቁጥሩ ይህም ይሁን ያ፣ ግንባር ላይ የተለጠፈ አሥር ብር አሥር ብር ነበር። እዚህ ግን ሰጪው 10 ሰጠሁ ብሎ ይተኛል፣ ተቀባዩ አምስት ይቆጥራል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

መንገዱም ይዘጋል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገሪቱ ተዘግተው ነበር። ያ ሲከፈት ብዙም ሳይቆይ፣ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፋ። ዳባትና ደባርቅ ያለ ዘመድ ጋ ለመነጋገር እንኳ የተቸገርንበት ጊዜ ነው። ተማሪዬ ሲከፈት ተመልሶ ሲገባ ተመልካቾቹ ሌላ ሰው ለምደው ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 አለፈ፤ "እሰይ" ብሎ ነበር። ግን ኪራዩም ዘይቱም አብረው ተነሱ።

ታዲያ ምኑ ነው አዲሱ? የሰጪው ፊት መዞር አዲስ አይደለም። ሌሊቱ አዲስ አይደለም። ስድብ ግዛልኝ ማለትም ጉር አምባ ላይ ነበር። እኔ እንዳየሁት አዲሱ የቀሩት ነገሮች ናቸው። ድሮ አዝማሪው በሽልማት እየኖረ እንዳይወድቅ የያዙት ነገሮች ነበሩ። የተማሪዬ አባት፣ እግዜር ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ቤታቸው ሄጄ ስጠይቃቸው እየሳቁ ቆጠሩልኝ።

"አንደኛ፣ ብቻዬን ወጥቼ አላውቅም" አሉ። ከባለቤታቸው ወይ ከወንድማቸው ጋር ይወጣሉ፤ የተገኘው እኩል ይካፈላል። አንዱ ድምፁ ቢዘጋ ሌላው አለ። አንዱ ቢሰደብ ሌላው ይስቅለታል።

"ሁለተኛ፣ አንድ ቤት ላይ አልተንጠለጠልኩም።" ጌታው ስንት ቢሸልማቸው በሳምንቱ ሌላ ደጅ ናቸው። ብዙ የሚሰጥ አንድ ሰው ካለህ ያ ሰው አለቃህ ነው አሉኝ።

"ሦስተኛ፣ ክረምት ሲገባ አርሳለሁ።" ማሲንቆው ሲያርፍ ሞፈሩ ይሠራል። ጾሙም ክረምቱም ሲመጣ ጓዳው ውስጥ እህል አለ፤ ስለዚህ ለማይረባ ሰው አይዘፍኑም።

ልጃቸውን ሳስበው ሦስቱም የሉትም። ብቻውን ነው። ተስፋው አንድ ትልቅ ጊፍት የሚልክ ሰውዬ ነው። ክረምትም የለውም፤ ሁለት ቀን ካልገባ ተመልካቹ ይበተናል ብሎ ስለሚፈራ ታሞ እንኳ ይገባል። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ችሎታም አንሶት አይደለም። አባቱን የያዙት ገመዶች ተበጥሰውበት ነው። "ልቀጥል ወይስ ልተወው" የሚለው ጥያቄ ራሱ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል፤ ሌላ የሚይዘው ነገር ሲኖረው ጥያቄው ያን ያህል አያስጨንቅም።

ስለዚህ መልሴ ይኸው፤ በአደባባይ የምጽፈው ፈቅዶልኝ ነው። ልጄ፣ ማሲንቆውን አትተው። ግን ላይቩን ደሞዝ ነው ብለህ አትያዘው፤ ሽልማት ነው፣ እንደ ሽልማት ቁጠረው። ኪራይህን የሚከፍል ሌላ ሥራ ፈልግ፣ ትንሽም ቢሆን፤ እሱ ሞፈርህ ነው። ብቻህን አትግባ። ያቺ ክራር የምትመታውን የአክስትህን ልጅ አስገባት፣ እኩል ተካፈሉ። በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ ግባ፣ ሰዓቱን አስቀድመህ ንገር፤ የሚወድህ ይጠብቃል። ሰርግ ሲመጣ ደግሞ ስልኩን ዘግተህ ሂድ። እዚያ የሚሰጥህ ሰው ዓይንህን እያየ ነው የሚሰጥህ።

ያንን በልብህ የጨረስከውን ግጥም ግን ወረቀት ላይም አታስፍረው። ትልቅ አንበሳ ይዞ የመጣውን ሰውዬ አባትህ እንደሚያደርጉት አድርገው፤ ተቀበለው፣ አለዝበው፣ አስቀህ መልሰው። ከተቆጣ ይሂድ።

ለእናንተ በሰው አገር ላላችሁ ወዳጆቼ ደግሞ አንድ ነገር። እዚያ ስትቀመጡ ናፍቆት እንዳለ አውቃለሁ፤ የምትልኩትም በድካማችሁ ያገኛችሁትን ነው። ስትልኩ ግን ያ ልጅ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ በብርድ፣ በሹክሹክታ እየዘፈነ መሆኑን አስቡት። ካዘዛችሁት፣ የሚያኮራውን እዘዙት። እናቴ እህል ስታስወጣ ለላሊበላዎቹ "እገሌን ስደቡልኝ" ብላ አታውቅም።

ትናንት ሌሊት እንደገና ነቅቼ ነበር። ገባሁ፤ የለም። መጀመሪያ ደነገጥኩ። ጠዋት ስደውልለት ስልኩን ያነሱት አባቱ ናቸው። "ተኝቷል" አሉኝ። "ነገ ከአክስቱ ልጅ ጋር ሰርግ አላቸው፣ ይተኛ።"

እናንተስ? የላሊበላዎችን ዜማ በደጃፉ የሰማ፣ ወይም ቤቱ ላይቭ የሚገባ ልጅ ያለው ካለ ከታች ይጻፍልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ። ደህና ሰንብቱልኝ።